«ለባልትና አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ በተለይ እዚህ አምድ ላይ መልስ ለምትሰጪው እህቴ። የምኖረው ክላርክስተን ጆርጂያ ነው፣ ከመጣን 11 ዓመት ሆነን። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ነው የምሠራው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሌላ ሥራ አለኝ። የመጀመሪያ ልጃችን ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች፣ ጎበዝ ናት ተመስገን፣ ጂፒኤዋ 3.8 ነው፣ አቴንስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጆርጂያ ተቀብሏታል። እልል ብለን ሳንጨርስ ምን ልትማሪ ነው ስንላት «ፋሚሊ ኤንድ ኮንሲውመር ሳይንስ» አለችን። ምንድነው እሱ ስላት ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ቤት ወጪ ነው አለች። አባቷ «ይሄንንማ እናትሽ ኩሽና ውስጥ ታስተምርሻለች፣ ለባልትና አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ?» ብሎ ተቆጣ። እሱ ነርሲንግ ነው የሚፈልገው። በደንብ ከተነጋገሩ ሁለት ሳምንት ሆናቸው፣ እኔ መሃል ላይ ነኝ። እህቶቼ ከአዲስ አበባ ደውለው ምን ልትማር ነው ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ። እውነት ይሄ ትምህርት ሥራ ያስገኛል ወይስ ልጄ እየተሸወደች ነው? ሳትደብቂ ንገሪኝ።
የልጆች እናት፣ ከክላርክስተን

መልስ፦ የኔ እህት፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። እዛ ዩኒቨርሲቲ መግባት ቀላል ነገር አይደለም፣ በጭቅጭቁ መሃል ይሄ ደስታ እንዳይጠፋባችሁ። እኔም የተማርኩት ይሄንኑ ነው፣ ሌላ ስቴት ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ስለዚህ ለልጅሽ ባደላ አትፍረጂብኝ፣ ግን ሳትደብቂ ስላልሽኝ የማይመቸውንም እነግርሻለሁ።

ልጅሽ የነገረችሽ የኮሌጁን ስም ነው እንጂ የምትማረውን ትምህርት አይደለም። ጭቅጭቁ ሁሉ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። አንድ ሰው «ሄልዝ ሳይንስ ልማር ነው» ቢልሽ ሐኪም ይሁን ፋርማሲስት ይሁን ላቦራቶሪ አታውቂም አይደል? ይሄም እንደዛ ነው። እዛ ኮሌጅ ውስጥ አራት ዲፓርትመንት አለ። አንዱ የሥነ ምግብ ሳይንስ ነው፣ አንዱ የሰው ልጅ እድገትና የቤተሰብ ሳይንስ፣ አንዱ የፋይናንሺያል ፕላኒንግ፣ የቤቶችና የሸማቾች ኢኮኖሚክስ፣ አንዱ ደግሞ የጨርቃጨርቅ፣ የፋሽን ንግድና የቤት ውስጥ ዲዛይን። በአንዱ በር የገባች ልጅ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስትማር ታድራለች፣ በሌላው የገባችው ታክስና ኢንሹራንስ፣ በሌላው የገባችው ደግሞ የሁለት ዓመት ሕፃን እንዴት ቋንቋ እንደሚለምድ ቁጭ ብላ ስትመዘግብ ትውላለች። የሥራውም ዓይነት የደሞዙም ልክ በጣም ይለያያል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅሽን «የትኛው ሜጀር?» (ዋናው የትምህርት ዘርፍ ማለት ነው) ብለሽ ጠይቂያት። እሷም ገና ካላወቀች ችግር የለውም፣ ግን መልሷ ላይ ነው ሁሉም ነገር የሚወሰነው።

አሁን ወደ አባቷ ቃል ልምጣ፣ ባልትና ወዳላት። እኔ በዚህ ቃል አላፍርም። ባለሙያ እናት እርሾዋን ጥላ ሊጡን ሁለት ሦስት ቀን ስታስቀምጥ የምታደርገው ነገር ኬሚስትሪ ነው፣ ቡኮው ሲቦካ ጤፉ ውስጥ ያለውን ብረት አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል፣ ሰውነታችን ብረቱን የሚያገኘው ያኔ ነው። እናቶቻችን ስሙን አያውቁትም እንጂ ሥራውን ያውቁታል። ይሄን ትምህርት አሜሪካ ውስጥ የጀመረችውም ሴት ኬሚስት ነበረች። ኤለን ስዋሎው ሪቻርድስ ትባላለች፣ ኤምአይቲ የተቀበላት የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ በ1873 (እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በኬሚስትሪ ተመረቀች። ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ትመረምር ነበር፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ምግብ ምን እንደተቀላቀለበትም ትመረምር ነበር። በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭተው የሚቀላቅሉ አሉ ሲባል ሰምተን አልነበር? የሷ ጥያቄ ያ ነበር፣ ይሄን ዱቄት የምትገዛ እናት ውስጡ ምን እንዳለ በምን ታውቃለች የሚል። ከ1899 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ሌክ ፕላሲድ በሚባል ቦታ፣ ከሌሎች ሴቶችና ወንዶች ጋር በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ሆም ኢኮኖሚክስ ብለው ስም አወጡለት፣ በኋላ በ1909 ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እሷ ሆነች። ስሙ ወደ ፋሚሊ ኤንድ ኮንሲውመር ሳይንስ የተቀየረው በ1994 ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ልክ እንደ ባለቤትሽ ምግብ ማብሰልና ልብስ መስፋት ብቻ እየመሰለው ስላስቸገረ ነው።

ልጅሽ የምትገባበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ እኮ ለሴት በሩን የከፈተው በዚህ ትምህርት ነው። ሴቶችን ለመደበኛ የባችለር ዲግሪ መቀበል የጀመረው በ1918 ነው፣ በ1919 ባችለር ዲግሪ የያዘችው የመጀመሪያዋ ሴት ሜሪ ክሬስዌል የተመረቀችው በሆም ኢኮኖሚክስ ነበር፣ በኋላ ትምህርት ቤቱ በ1933 ራሱን ችሎ ሲቆም ዲን ሆነች። በሩ ግን ለነጭ ሴት ብቻ ነበር፣ ጥቁር ተማሪ እዛ ግቢ የገባው በ1961 ነው፣ ያውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ። ልጅሽ የምትቀመጥበት ወንበር በነፃ የመጣ እንዳልሆነ አባቷ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

አገር ቤት ላሉት እህቶችሽ ደግሞ ዓለማያን አንሺላቸው። ያሁኑን ሀሮማያ ዩኒቨርሲቲ ለማቋቋም በ1952 ስምምነት ተፈርሞ የመጡት የአሁኑ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፣ እሱ ደግሞ ላንድ ግራንት ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፣ በ1862ቱ ሕግ መንግሥት መሬት ሰጥቶ «የገበሬውንና የሠራተኛውን ልጅ አስተምሩ» ያላቸው። የጆርጂያውም ዩኒቨርሲቲ ከነዚሁ አንዱ ነው። እርሻው በወንዱ በኩል ሲሄድ ይሄ ትምህርት በቤቱ በኩል ሄደ፣ በ1914 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ ኤክስቴንሽን የሚባለው መጣ፣ ባለሙያዎች በየካውንቲው እየዞሩ ምግብ ሳይበላሽ በጠርሙስ ማቆየት፣ ንጽሕና፣ የሕፃን አመጋገብ ያስተምሩ ነበር። እኛ ጋ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ቤት ለቤት የሚሠሩትን አስቢው፣ በጣም ይቀራረባል። እዚህም እስካሁን አለ፣ ጆርጂያ ውስጥ በአብዛኛው ካውንቲ የኤክስቴንሽን ቢሮ ስላለ የናንተን ካውንቲ ፈልገሽ ልጅሽን በዚህ በጋ ቮለንቲር እንድታደርግ ላኪያት።

እሺ ሥራውስ? እዚህ ላይ ነው ረጋ ብለሽ እንድታነቢኝ የምፈልገው። ይሄ ትምህርት ውስጥ ዲግሪው ብቻውን ብዙም አይናገርም፣ የሚናገረው ከዲግሪው በኋላ ያለው ላይሰንስ ወይም ሰርተፊኬት ነው። ነርሲንግ ብትማር ፈተና ወስዳ አር ኤን፣ ላይሰንስ ያላት ነርስ፣ ትባላለች፣ መንገዱ አንድ ነው፣ አባቷ የወደደውም ለዚህ ነው፣ አልፈርድበትም። እዚህ ግን መንገዱን ራሷ መያዝ አለባት፣ ካልያዘች በአራት ዓመቱ ዲግሪ ይዛ ቤት ትመጣና ምን ልሥራ ትላለች፣ አብረውኝ ከተመረቁት ይሄ የደረሰባቸው አሉ፣ ያሳዝኑኛል።

ሥነ ምግብ ከመረጠችና ሬጅስተርድ ዳይቲሽያን (የተመዘገበ የምግብ ባለሙያ) መሆን ከፈለገች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ባችለር አይበቃም፣ ለፈተናው ለመቀመጥ ማስተርስ ያስፈልጋል፣ በዛ ላይ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በባለሙያ ሥር ሆኖ መሥራት አለ። ስለዚህ አራት ዓመት ሳይሆን አምስት ስድስት ዓመት ብላችሁ አስቡት፣ ፕሮግራሙም ኤሲኢኤንዲ በሚባለው አካል እውቅና ያለው መሆን አለበት። የገንዘቡን ነገር ልደብቅሽ አልችልም፣ በመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሠረት በ2023 የዳይቲሽያን መካከለኛ ዓመታዊ ደሞዝ 70 ሺ ዶላር ገደማ ነበር፣ የነርስ ደግሞ 86 ሺ ገደማ። ማስተርስ ተምረሽ ከነርስ ያነሰ ማለት ነው። በገንዘብ ብቻ ከሆነ አባቷ ትክክል ነው።

እኔ ግን ለምን እንደመረጥኩት ልንገርሽ። አክስቴ ስኳር አለባት። አንድ ሐኪም ቤት የምግብ ባለሙያ ጋ ላኳት፣ ያኔ ተማሪ ነበርኩ ላስተረጉምላት አብሬያት ሄድኩ። ዳቦ ቀንሺ፣ ፓስታ ቀንሺ፣ ሩዝ ቀንሺ፣ ጠዋት እርጎና እንቁላል ብዪ ተባለች፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጥተው ሸኙን። አክስቴ ደስ ብሏት ወጣች፣ ዳቦም ፓስታም አትበላማ! በቀን ሦስቴ የምትበላው እንጀራ ነው፣ ስለ እንጀራ የጠየቃት ሰው የለም። ደግሞ ሁዳዴ ነበር፣ 55 ቀን እርጎም የለ እንቁላልም የለ። ባለሙያዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ትሁት ነበረች፣ ግን አንድ እንጀራ ምን ያህል ካርቦሃይድሬት እንደሚይዝ፣ ጾም ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደማይበላ አታውቅም። መኪና ውስጥ ገብተን አክስቴ «እግዜር ይስጣቸው ቀላል ነው» ስትል እኔ ማልቀስ ነው የቃጣኝ። ሜጀሬን ያን ሳምንት ቆረጥኩ። ዛሬ ጾመኛ በሽተኛ ሲመጣልኝ ሽሮውንና ምስሩን ከእንጀራው ጋር እንዴት እንደሚመጥን፣ መድኃኒቱ ከጾሙ ሰዓት ጋር እንዴት እንደሚሄድ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ ነው የምነግረው። ክላርክስተን ውስጥ ስንት እናት እንደዚህ ያለ ሰው እንደምትፈልግ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

የቤተሰብ ሳይንሱን ከመረጠች ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ሆስፒታል ውስጥ የታመሙ ሕፃናትን በጨዋታ እያጽናኑ ለኦፕሬሽን የሚያዘጋጁ ቻይልድ ላይፍ ስፔሻሊስት የሚባሉ አሉ፣ በባችለር ይቻላል ግን 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕና ፈተና አለው፣ የኢንተርንሺፕ ቦታው ውድድሩ ኃይለኛ ስለሆነ ከአንደኛ ዓመት ጀምራ ልጆች ጋ ቮለንቲር ካላደረገች ይከብዳታል። የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስት ልሁን ካለች ማስተርስ ግድ ነው። የቤተሰብ ሕይወት አስተማሪነት ሰርተፊኬትም አለ፣ ኤንሲኤፍአር የሚባለው ማኅበር የሚሰጠው፣ ፕሮግራሙ በነሱ የጸደቀ ከሆነ ነገሩ ያጥራል፣ ዩኒቨርሲቲውን ትጠይቅ። ቅርንጫፉን ሳትመርጥ «ቤተሰብ እወዳለሁ» ብላ ብቻ እንዳትመረቅ፣ ደካማው መንገድ ያ ነው።

ሃይስኩል ማስተማርም አለ፣ ረስቼው ነበር፣ ለዚህ ትምህርት መምህር ማግኘት ብዙ ስቴት ይቸገራል፣ የመምህርነት ላይሰንስ ነው የሚፈልገው። ስለ ፋሽኑ ብዙም የምለው የለኝም፣ ልጅሽም ያነሳችው አይመስልም።

ሦስተኛው በር ግን፣ የፋይናንሱ፣ የኛ ሰው ጨርሶ የማያውቀው እሱ ነው፣ እኔ ዛሬ 18 ዓመቴ ቢሆን እሱን ነበር የምገባው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በ11 ዓመት ውስጥ የመብራቱን ደብዳቤ፣ የሊዙን ውል፣ የኢንሹራንሱን ቢል፣ የኡበሩን የታክስ ፎርም ማን ነው የሚያነብላችሁ? እሷ ናት አይደል? የኛ የመጀመሪያ ልጆች ገና በልጅነታቸው የቤቱ ጸሐፊ ናቸው። ምናልባት ይሄን ትምህርት የመረጠችው የሠራችውን ስለምታውቀው ይሆናል። እዛ ዲፓርትመንት ውስጥ የሚማሩት ቤተሰብ እንዴት እንደሚበደር፣ እንደሚቆጥብ፣ ቤት እንደሚገዛ፣ ሸማች እንዴት እንደሚታለል ነው፣ እቁባችንን የመሰለ ነገር እንኳ በሳይንሱ ስም ተሰጥቶት ይጠናል። ትምህርቱ በሲኤፍፒ ቦርድ የተመዘገበ ስለሆነ ለሰርተፋይድ ፋይናንሺያል ፕላነር (ሲኤፍፒ የሚባለው ይሄ ነው) ፈተና ያዘጋጃታል፣ ፈተናው 170 ጥያቄ ነው፣ ከሱ ሌላ 6,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል ወይም 4,000 በአፕሬንቲስሺፕ። ማስተርስ የግድ አይደለም። ተማሪዎቹ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ በነፃ ታክስ የሚሠሩበት ቪታ የሚባል ፕሮግራምም አለ። ለአባቷ ይሄን ንገሪው፣ ኡበር የሚነዳ ሰው የሞላበት ሰፈር ውስጥ ማይሌጅና የራስ ሥራ ታክስ በአማርኛ የሚያስረዳ ባለሙያ ስንት ሰው እንደሚፈልገው እሱ ያውቀዋል።

የክፍያውን ነገር በአጭሩ። የጆርጂያ ነዋሪ ስለሆናችሁ በዚህ ጂፒኤ ሆፕ የሚባለውን የስቴቱን ስኮላርሺፕ ታገኛለች ብዬ አስባለሁ፣ መነሻው 3.0 ነው፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድን የመሰለ ብቁ የሚያደርግ ወረቀት ይፈልጋል። ከ2023 ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቱሽንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ዶርምና ምግብ ግን አይሸፍንም፣ እሱን ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ የሚገኘው፣ የማይመለሰው ፔል ግራንት ያግዛችኋል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሆፕ 127 ክሬዲት ላይ ያቆማል፣ ዲግሪው ራሱ 120 አካባቢ ስለሆነ ሜጀር እየቀያየረች ከቆየች ያልቅባታል። ደግሞ ባችለር ከያዘች በኋላ ለሁለተኛ ባችለር አይከፍልም፣ ስለዚህ «አሁን ይሄን ትማር በኋላ ነርሲንግ ትጨምራለች» የሚለው ሐሳብ ይቻላል ግን ከኪሳችሁ ነው የሚሆነው። አባቷን ማስታረቅ ከፈለግሽ አንድ መሃል መንገድ አለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂን በኤሌክቲቭ ትውሰድ፣ ሥነ ምግብ ውስጥ ብትቀር አብዛኛው ይጠቅማታል፣ ነርሲንግ ብትዞርም ከዜሮ አትጀምርም።

ከዛ በፊት ግን አንድ ቀን ፈቃድ ውሰዱና ሦስታችሁም ሂዱ። ከናንተ ጋ በሃይዌይ 78 ቀጥ ብሎ አቴንስ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዶውሰን ሆል የሚባለው ሕንፃ ነው የኮሌጁ ዋና ቤት፣ አድቫይዘር ቀጠሮ ይዛችሁ «ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት ተቀጠሩ፣ በየትኛው ሜጀር፣ ስንቱ ማስተርስ ገባ?» በሉ። መልሱን አባቷ በጆሮው ይስማ፣ በልጅ አስተርጓሚነት ሳይሆን እሱ ራሱ ይጠይቅ፣ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ይጠይቅ። አባት በመኪና ይዟት ሄዶ አብሯት ሲጠይቅ ያች ልጅ ምን እንደሚሰማት አስቢው፣ የሁለቱ ሳምንት ዝምታ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ለእህቶችሽ ደግሞ ሜጀሯን ስትቆርጥ ያንኑ ንገሪያቸው፣ የምግብ ሐኪም የመሰለ ነገር ወይም የቤተሰብ የገንዘብ አማካሪ በያቸው፣ ይገባቸዋል። ምን ላይ እንደደረሳችሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ሌላ ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሂውማን ኒውትሪሽን ዲግሪዬን ይዤ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በዲቪ መጥቼ አሁን ዳላስ ዌርሃውስ ነው የምሠራው። ዲግሪዬ እዚህ ዋጋ አለው ወይ? ሰው ሁሉ እርሳው ይለኛል።
ከዳላስ

መልስ፦ ወንድሜ አትርሳው! ዋጋ አለው፣ ግን በቀጥታ አይሠራም። ትራንስክሪፕትህ በታሸገ ፖስታ ከዩኒቨርሲቲው ይምጣልህ፣ ይሄ ብቻውን ወራት ሊፈጅ ስለሚችል አገር ቤት ሰው ወክለህ ዛሬውኑ አስጀምር፣ የኮርሶቹን ዝርዝር ይዘትም አብረው ይላኩልህ፣ ብዙ ሰው ይሄን ረስቶ ሁለተኛ ይለምናል። ከዛ የውጭ ዲግሪ በሚገመግም ድርጅት ታስገመግመዋለህ፣ ዳይቲሽያን መሆን ካሰብክ ኤሲኢኤንዲ ከሚቀበላቸው ገምጋሚዎች አንዱ ይሁን፣ አለበለዚያ ሁለቴ ትከፍላለህ። ግምገማው የአሜሪካ ባችለር እኩያ ካለህ እውቅና ያለው የማስተርስ ፕሮግራም ፈልግ፣ 1,000 ሰዓቱን ማስተርሱ ውስጥ አብሮ የያዘውን ብታገኝ ይሻላል ምክንያቱም ለብቻ ኢንተርንሺፕ መፈለግ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። የጎደለህ ኮርስ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የፉድ ሰርቪስ ማኔጅመንትና የክሊኒካል ኒውትሪሽን ነው፣ ያስጨምሩሃል።

እስከዛው ግን ዌርሃውስ ብቻ አትቅር። ለእናቶችና ለሕፃናት የምግብ ድጋፍ የሚሰጠው ዊክ ብዙ ቦታ በኒውትሪሽን ባችለር የያዘ ሰው ይቀጥራል፣ ግምገማው እጅህ ሲገባ እዛ አመልክት። ወረዳ ላይ የሕፃን ክንድ በሙዋክ ቴፕ እየለካህ፣ ፕላምፒናት የሚባለውን ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ ምግብ እያከፋፈልክ የሠራኸውን ሲቪህ ላይ በዝርዝር ጻፈው፣ «ጤና ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ» ብቻ ብለህ አትለፈው። ስንት ሕፃን በሳምንት ታይ ነበር፣ ስንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሠልጥነሃል፣ ቁጥሩን የምታስታውሰውን ያህል አስገባ። ሲቪውን ጽፈህ ስትጨርስ በአምዱ አድራሻ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።